ጠዋት መጀመሪያ የሚቀዳው ውሃ ለሻይ አይሁን

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ በቆዩ ቤቶች ለምትኖሩ ሁሉ፦ ጠዋት ቧንቧ እንደተከፈተ የሚወርደውን ውሃ ለመጠጥም ለምግብም አትጠቀሙበት። ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ የቆመ ውሃ ከአሮጌ መገጣጠሚያና ከቧንቧው ራስ እርሳስ የተባለውን ብረት አሟሙቶ ሊይዝ ይችላል። እርሳስ ደግሞ ቶሎ አያሳምም፤ ለዓመታት እየተጠራቀመ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል።

«እኔ አፍልቼ ነው የምጠጣው» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ጥሩ ነው፣ አትተዉት። እርሳስን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ፣ በቀረው ውስጥ ያለው እርሳስ ይበዛል። ክሎሪን መጨመርም ለእርሳስ አይረዳም።

ስለዚህ ውሃው ቀዝቀዝ እስኪል ጥቂት ደቂቃ በባልዲ ተቀበሉት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጠብታውም ያሳሳል፤ ለወለልና ለሽንት ቤት ይሁን። የመጠጡን ከዚያ በኋላ በጀሪካን ቅዱ። ለሕፃን ወተት መበጥበጫ ከሆነማ በጣም ተጠንቀቁ። ከቦይለር የወጣ ሙቅ ውሃም ለምግብ አይሁን፣ ሙቅ ውሃ ብረት ይበልጥ ያሟሟል።

ስኳር ወይም ግፊት ያለባችሁ፣ እነዚህም ኩላሊትን ስለሚጎዱ፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳዩትን የክሬቲኒን (በደም) እና የሽንት ፕሮቲን ምርመራዎች ጠይቁ። ኩላሊት ብዙ ተጎድቶም ሕመም ላይሰማችሁ ይችላል።