የሼናንዶዋን የበልግ ቅጠል በመኪና ለምታዩ
በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ በጥቅምት ቅዳሜና እሁድ በቨርጂኒያው የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወደሚያልፈው የስካይላይን ድራይቭ መንገድ ስትሄዱ በፍሮንት ሮያል በር ባትገቡ ይሻላል፤ የመኪናው ሰልፍ ረፋዱን ይበላዋል። በስፔሪቪል በኩል ወደ ቶርንተን ጋፕ በር ውጡ። ከዚያ ወደ ደቡብ እንደታጠፋችሁ ዓለት ተፈልፍሎ የተሠራው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ይቀበላችኋል።

መንገዱ 105 ማይል ነው፤ የተፈቀደው ፍጥነት ደግሞ በሰዓት 35 ማይል ብቻ። በአንድ ቀን ልጨርሰው የሚል ሰው የሚያየው የፊቱን መኪና ኋላ ነው! የመንገዱ መሃል አካባቢ እስካለው ማረፊያ፣ ቢግ ሜዶውስ፣ ይበቃል፤ ነዳጅም እዚያ አለ። ቅጠሉ ከተራራው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚቀላው፤ ላይኛው ረግፎ ካገኛችሁት ወደ ሸለቆው ውረዱ። ስልክ ብዙ ቦታ ስለማይሠራ ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዱ። አመሻሹ ላይ አጋዘን በድንገት ይሻገራልና ቀስ ብላችሁ ንዱ።