ባለ መስመር ቲሸርት፦ መርጦ መግዛት፣ አጣምሮ መልበስ፣ አጥቦ ማቆየት

ጠዋት ቁም ሣጥን ከፍቶ «የምለብሰው የለኝም» ማለት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ልብስ ጠፍቶ አይደለም። ያሉት ልብሶች አብረው ስለማይሄዱ ነው። አንዱ ሸሚዝ ከአንድ ሱሪ ጋር ብቻ ያምራል። ያ ሱሪ እጥበት ከገባ ሸሚዙም ሥራ ይፈታል።

ባለ መስመር ቲሸርት ከዚህ ጣጣ ያወጣል። መደቡ ነጭ፣ የአግድም መስመሩ ጥቁር ሰማያዊ የሆነውን ማለቴ ነው። ከጂንስ ጋር ይሄዳል፣ ከጨርቅ ሱሪ ጋር ይሄዳል፣ ከጉርድ ቀሚስም ጋር ይሄዳል። ወንድም ሴትም ይለብሰዋል። አንድ ጥሩ ባለ መስመር ቲሸርት ያለው ሰው ሦስት መናኛ ቲሸርት ካለው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ አመራረጡን፣ ከዚያ አለባበሱን፣ በመጨረሻም አጠባውን እንይ።

መጀመሪያ፦ የመስመሩን ስፋት ምረጡ

ይህ ልብስ የመጣው ከመርከብ ነው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1858 ባወጣው ደንብ፣ መርከበኞች ከዩኒፎርማቸው ሥር የሚለብሱትን ባለ መስመር ሹራብ በይፋ ደነገገ። ደንቡ የመስመሮቹን ቁጥር ሳይቀር አስቀምጧል፦ 21 ነጭ፣ 20 ወይም 21 ሰማያዊ። ነጩ 20 ሚሊ ሜትር፣ ሰማያዊው 10 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በኋላ በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ጠረፍ ያሉ ሠራተኞችና ዓሣ አጥማጆችም ለበሱት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊቷ የልብስ ዲዛይነር ኮኮ ሻኔል ወደ ፋሽን አመጣችው። ሠዓሊው ፓብሎ ፒካሶም እ.ኤ.አ. በ1952 ሮበርት ዷኖ ባነሳቸው ዝነኛ ፎቶዎች ላይ ለብሶት ይታያል።

ታሪኩን ያነሳሁት ዛሬም ስለሚጠቅም ነው። ነጩ የሰማያዊው እጥፍ ሲሆን ልብሱ ብሩህ ይሆናል፣ ፊትንም ያበራል። ነጩና ሰማያዊው እኩል ሲሆኑ ደግሞ ዓይን ያደክማል። በተለይ ሁለቱም ሁለት ሁለት ጣት የሚሰፉ ከሆነ የኳስ ቡድን ማልያ ይመስላል። ለመጀመሪያ ቲሸርታችሁ ነጩ የሚበዛበትን ውሰዱ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ወሬ መታረም አለበት። «አግድም መስመር ያወፍራል» ይባላል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው ተቃራኒውን ነው። ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት አራት ማዕዘን ውሰዱ። አንዱን በአግድም፣ ሌላውን በቁም መስመር ሙሉት። ለዓይን ረዘም፣ ቀጠን ብሎ የሚታየው አግድሙ ነው። ሰው በመስመር ምክንያት ወፍሮ አይታይም። ወፍሮ የሚታየው ልብሱ ሲጠበው ነው። ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር ሆድ ላይ ሲደርስ ከጎበጠ፣ ማንም ሰው መጉበጡን ያያል። ጠበብ ያለ ነጭ ካናቴራ የሚደብቀውን ባለ መስመሩ ያሳብቃል። መፍትሔው መስመርን መሸሽ አይደለም፤ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ገልብጣችሁ እዩት

ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ቲሸርቱን ገልብጡት። ውስጡ ላይ መስመሩ ልክ እንደ ላዩ ደምቆ ከታየ፣ ጨርቁ የተሠራው አስቀድሞ ቀለም ከተነከረ ክር ነው። ጥሩ ነው። ውስጡ ነጣ ያለ ወይም የደበዘዘ ከሆነ ግን መስመሩ ላዩ ላይ የታተመ ነው። የታተመውን በሁለት እጃችሁ ወጠር አድርጉት። በሰማያዊው መሐል ነጭ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። እንዲህ ያለው ቲሸርት ስትለብሱት ደረትና ትከሻ ላይ ይነጣል፣ ከጥቂት እጥበት በኋላም ይሰነጣጠቃል። ርካሽ ቢሆንም አይመከርም።

ከዚያ ጎኑን ተመልከቱ። ከብብት ወደ ታች የሚወርደውን ስፌት ተከተሉ። የፊቱ መስመርና የኋላው መስመር ስፌቱ ላይ ይገናኛሉ? በደንብ በተሰፋ ቲሸርት ሰማያዊው ከሰማያዊው ጋር ገጥሞ ዙሪያውን ይዞራል። በጥድፊያ በተሰፋው ላይ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። እዚህ የቸኮለ ሰፊ ሌላውም ቦታ ቸኩሏል። እኔ በበኩሌ ጎኑ ያልገጠመ ቲሸርት አልገዛም።

ጨርቁ ሙሉ ጥጥ ቢሆን ይመረጣል። ትንሽ ፖሊስተር ቢቀላቀልበት አይከፋም፤ ቶሎ አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል። ፖሊስተር የበዛበት ግን ላብ ይይዛል፣ ቶሎም ይሸታል። መዳፋችሁን ውስጡ አስገብታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። የጣቶቻችሁ ቅርጽ ጥርት ብሎ ከታየ ጨርቁ ስስ ነው፤ ነጩ ክፍል የውስጥ ልብስ ያሳያል።

ሰልባጅ ተራ የምትገዙ ከሆነ ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ወፍራምና ደህና የተሠሩ ባለ መስመር ቲሸርቶች እዚያ አይጠፉም። ሦስት ቦታ ፈትሹ፦ ብብቱ ቢጫ እንዳይሆን፣ አንገቱ እንዳይላላ፣ ሆዱ አካባቢ በቀበቶ የተበሳ ትንንሽ ቀዳዳ እንዳይኖረው። የላላ አንገት በምንም አይመለስም።

ሦስተኛ፦ ልኩ

ለክታችሁ ማየት ካልቻላችሁ ከቤት የሚስማማችሁን ቲሸርት ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ ከብብት እስከ ብብት አስተያዩ። የትከሻው ስፌት የትከሻ አጥንታችሁ ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። ርዝመቱ ከቀበቶ ዝቅ ብሎ ዳሌ ላይ ይብቃ። ከዚያ ካለፈ ልብስ ሰፊ ጋር ወስዳችሁ አሳጥሩት። ሲቆረጥ ግን የታችኛው ጠርዝ የመስመሩን አቅጣጫ እንዲከተል ንገሩት፤ ጠርዙ ከመስመሩ ጋር ካልሄደ ልብሱ ዘመም ያለ ይመስላል።

አራተኛ፦ አጣምራችሁ ልበሱት

ዋናው ደንብ አንድ ነው። መስመሩ ካለ ሌላ ጌጥ ያለው ጨርቅ አይኑር። አበባ የታተመበት ጉርድ፣ ባለ አራት ማዕዘን ሸሚዝ፣ ትልቅ ጽሑፍ ያለበት ጃኬት ለሌላ ቀን ይቆዩ። የቀረው ልብስ ሁሉ ልሙጥ ይሁን። ይህን ከያዛችሁ መሳሳት ይከብዳል።

ቀላሉ ከጂንስ ጋር ነው። ያልተቀደደ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጂንስና ነጭ ስኒከር። ስኒከሩ ንጹሕ መሆን አለበት፤ የቲሸርቱ ነጭና የጫማው ነጭ ስለሚነጻጸሩ የቆሸሸ ጫማ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። የፊቱን ብቻ ሱሪው ውስጥ ከተት አድርጋችሁ የኋላውን ልቀቁት። ወገብ ይታያል፣ እግር ረዘም ይላል። ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን «ያገኘውን ለበሰ» እና «አስቦ ለበሰ» የሚለያዩት እዚህ ነው። ቀበቶው ቡናማ ቆዳ ቢሆን እመርጣለሁ። ጥቁርም ይሆናል፤ ሰማያዊውን ግን ያደበዝዘዋል።

ለቢሮ ቀጫጭን መስመር ያለውን ምረጡ። ሙሉ በሙሉ ክተቱት፣ ከላይ ልሙጥ ኮት ደርቡ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ካኪ ኮት ጥሩ ነው። ኮቱ ጎንና ጎኑን ሲሸፍን ከፊት የሚታየው መስመር አንድ ስንዝር ገደማ ብቻ ይቀራል። ልብሱ ረጋ ይላል። ኮቱ ራሱ ባለ መስመር ከሆነ አይሆንም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ወይም ፍርድ ቤት ለመቅረብ ግን ቲሸርቱን ተዉትና ሸሚዝ ልበሱ።

ሴቶች ከጉርድ ጋር ሲለብሱት ከጉልበት በታች የሚወርድ ልሙጥ ጉርድ ያምርበታል። ካኪ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም የወይራ አረንጓዴ። ሰፋ ያለ ጉርድ ከሆነ ቲሸርቱ ሙሉ በሙሉ መከተት አለበት፤ ሁለቱም ከተለቀቁ ወገብ ይጠፋል። እጅጌ ለሌለው ቀሚስም ከውስጥ ይሆናል። የበጋ ቀሚሳችሁን በብርድ ጊዜም እንድትለብሱት ያደርጋል።

ብርድ ካነሳን፣ የአዲስ አበባን የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት አስቡ። ከቤት ሲወጡ ያንቀጠቅጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ባለ መስመር ቲሸርት ለእንዲህ ያለ ቀን የተፈጠረ ነው። ከላይ ልሙጥ ሹራብ ድረቡ። የቲሸርቱ ጠርዝ ከሹራቡ ሥር ሁለት ጣት ያህል ብቅ ይበል። ሲሞቅ ሹራቡን አውልቃችሁ ትከሻ ላይ ጣል ብታደርጉት ወይም ቦርሳ ውስጥ ብታስገቡት፣ ከሥር ያለው ብቻውን የሚበቃ ልብስ ነው። የጂንስ ጃኬትም ያው ነው። በክረምት ቢጫ የዝናብ ካፖርት ከላይ ሲደረብበት የሚሰጠው ውበት ልዩ ነው። ሞክሩት።

ቀለም ለመጨመር ስትፈልጉ ቀይ ጨምሩ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጫማ፣ ቦርሳ፣ ሻርፕ ወይም ሊፕስቲክ። ሁለት ቀይ ነገር ከሆነ በዛ።

ነጠላስ? ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ጎራ ስትሉ ነጠላ ከላይ የምትለብሱ ከሆነ ጥለቱን ተመልከቱ። ጥለትም በራሱ መስመር ነው። ሰፊና ብዙ ቀለም ያለው ጥለት ከቲሸርቱ ጋር ይጋፋል፤ ሁለቱም ውበታቸውን ያጣሉ። ጥለቱ ጠባብ፣ ቀለሙም ሰማያዊ ወይም ነጭ ከሆነ ግን ልብሱ አንድ ላይ የታሰበ ይመስላል። ለቅሶ ቤት መስመሩን ተዉት፤ እዚያ የሚለበሰው ጥቁር ነው።

ፎቶ ወይም ቪዲዮ ለሚቀረጽ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በጣም ቀጭንና የተጠጋጋ መስመር ካሜራ ላይ ይርገበገባል። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ደረቱ እንደ ውኃ ሲንቀሳቀስ አይታችሁ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ቀን ሰፋና ራቅ ያለውን መስመር ልበሱ።

አምስተኛ፦ እጥበቱ

አብዛኛው ባለ መስመር ቲሸርት የሚበላሸው መታጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነው። ሰማያዊው ይለቅና ነጩን ያቀልመዋል። ከዚያ ወዲያ ልብሱ ውሎ ያደረ ይመስላል።

አዲስ ሲሆን ፈትኑት። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርሳችሁ ሰማያዊው መስመር ላይ ሸት ሸት አድርጉ። ጨርቁ ከቀለመ ለመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ብቻውን፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ። ጨውና ኮምጣጤ ቀለሙን ያስይዛሉ የሚለውን አትመኑ፤ ፋብሪካ የነከረውን ቀለም አይዙትም። የሚጠቅመው ቀዝቃዛ ውኃና ፍጥነት ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደር ትልቁ ጠላቱ ነው። ዘፍዝፋችሁ ካሳደራችሁት ነጩ ወደ ውኃ ሰማያዊ ይቀየራል።

በረኪና አይነካው። ነጩን ነጭ ሲያደርግ ሰማያዊውን ያዥጎረጉረዋል። አንገቱ ወይም ብብቱ ከቆሸሸ ያቺን ቦታ ብቻ በሳሙና እሹና ከዚያ ሙሉውን እጠቡ። በማሽን ከሆነ ገልብጣችሁ ክተቱት።

ስትጨምቁት አትጠምዝዙት። የተጠመዘዘ ቲሸርት ስፌቱ ወደ ፊት ይዞራል፣ መስመሩም ይጣመማል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን ብታደርጉት ውኃው ይወጣል። ገልብጣችሁ ጥላ ቦታ አስጡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ቀለም ታደበዝዛለች። ገመድ ላይ ስትሰቅሉት ቆንጥጣችሁ የምትይዙት ከታችኛው ጠርዝ ይሁን። በትከሻው ከሰቀላችሁት ቆንጣጩ ጆሮ ያወጣለታል።

ካውያ ሲያስፈልግ በውስጥ በኩል፣ መስመሩን ተከትላችሁ ተኩሱ። ወደ ታችና ወደ ላይ ከጎተታችሁት ጨርቁ ይለጠጣል፣ መስመሩም ማዕበል ይሠራል። ቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ አጥፋችሁ አስቀምጡት፤ መስቀያ ላይ የከረመ ቲሸርት በራሱ ክብደት ይረዝማል።

በጊዜ ብዛት ላዩ ላይ ትንንሽ የክር ኳሶች ያወጣል። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ወጠር አድርጋችሁ ዘርግቱት፤ በአዲስ መላጫ፣ ሳትጫኑ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ላጩት። የመስመሩን ጠርዝ እንዳትነኩ ቀስ በሉ። ሁለተኛ ቲሸርት ለመግዛት ስታስቡ ደግሞ ተገላቢጦሹን ፈልጉ፦ መደቡ ጥቁር ሰማያዊ፣ መስመሩ ነጭ። ቆሻሻ ቶሎ አይታይበትም፤ ለመንገድና ለታክሲ ቀን የተሻለ ነው።