ፐብሜድ ላይ የጠፉት የፋጅ ሕክምና ጽሑፎች እንዴት ተገኙ

በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ የሚፈጠር ኢንፌክሽንን በፋጅ፣ ማለትም ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ፣ ስለማከም የተጻፈውን ፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች የመረጃ ቋት) ላይ ስፈልግ ውጤቱ እጅግ አነሰ። ቀድሞ የማውቃቸው ጥሩ የኬዝ ሪፖርቶች (የነጠላ ታካሚ ሕክምና ዘገባዎች) እንኳ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ምክንያቱ የታየኝ በ«አድቫንስድ» ገጽ፣ ከፍለጋ ታሪኩ ጋር ያለውን «ዲቴይልስ» ስከፍት ነው። ፐብሜድ ያስገባነውን ቃል ምን አድርጎ እንደተረዳው እዚያ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሐረግ በትእምርተ ጥቅስ ሲታጠር ወይም ቃል በኮከብ ምልክት ሲያጥር፣ ቃሉን በራሱ ከሜሽ ርዕሶች፣ ማለትም ለጽሑፎች ይዘት ከሚመደቡ ወጥ ስያሜዎች፣ ጋር የሚያገናኘው አሠራር ይቆማል። የኔ ፍለጋ በሙሉ በጥቅስ የታጠረ ነበር።

ወደ ሜሽ ብቻ መዞርም አያዋጣም። ከ2022 ጀምሮ ሜሽ የሚመደበው በአውቶማቲክ ዘዴ ቢሆንም፣ ፕሪፕሪንቶች (ገና በባለሙያ ያልተገመገሙ ጽሑፎች) እና ከሜድላይን፣ ማለትም ሜሽ ከሚመደብለት የፐብሜድ ክፍል፣ ውጭ ያሉ መዝገቦች ያመልጣሉ። በጠባብ መስክ ደግሞ አንድ ጽሑፍ ማጣት ብዙ ማጣት ነው።

ስለዚህ ለፋጁም ለኢንፌክሽኑም ለየብቻ የሜሽ ርዕሱን፣ በርዕስና በአብስትራክት (በጽሑፉ ማጠቃለያ) ከሚፈለጉ ተለዋጭ ቃላት ጋር በ«ኦር» (አንዱም ቢገኝ) አገናኘሁ፤ ሁለቱን ቡድኖች በ«ኤንድ» (ሁለቱም ሲገኙ)።

ዋናው ግን ፍተሻው ነው፦ የማውቃቸውን ጽሑፎች የፐብሜድ መለያ ቁጥር በ«ኦር» ደርድሬ ከፍለጋው ጋር በ«ኤንድ» አጣመርኩ። የጎደለ ካለ ርዕሱንና አብስትራክቱን አንብቤ ያልያዝኩትን ቃል እጨምራለሁ። አሁን ሁሉም ይመጣሉ፤ ፍለጋውንም አዲስ ሲወጣ በኢሜይል እንዲያሳውቀኝ አስቀምጬዋለሁ።