የመኪና ድኅረ ሽያጭ አገልግሎት የአይቲ አስተዳደር እንዴት ይገመገማል?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ያለ የመኪና ሻጭ ጋራዥ ሲገመግሙ ከሰርቨሩ ሳይሆን ለእያንዳንዱ መኪና ጥገና ከሚከፈተው የሥራ ካርድ ይጀምሩ። ባለፈው ወር ከተዘጉት ካርዶች መካከል 20 በዘፈቀደ ያውጡ። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡን፣ ከስቶር የወጣውን ዕቃ መዝገብና ደረሰኙን ጎን ለጎን ያስተያዩ። የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አሃዝ አለው፤ «ኦ» የተባለው የላቲን ፊደል ግን አይገባበትም። ካገኙት ዜሮው በስህተት ተጽፏል ማለት ነው። የዘይት ፊልትሮ ከስቶር ወጥቶ ደረሰኙ ላይ ከሌለ ደግሞ ሶፍትዌሩን ከመውቀስዎ በፊት፣ ያልተሟላ ካርድ እንዲዘጋ የፈቀደው ማን እንደሆነ ይጠይቁ።

ቀኑን በተለይ ይመርምሩ። መኪናውን የሚቀበለው ሠራተኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል፣ የመኪናው አምራች ሲስተም የፈረንጁን ይፈልጋል። የ7 ወይም 8 ዓመቱ ልዩነት በእጅ ሲሰላ ስህተት አያጣውም፤ የዋስትና ጥያቄም በዚያው ውድቅ ይሆናል። ቅየራውን ሲስተሙ ይሥራው።

የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ከደመወዝ መዝገብ ጋር ያመሳክሩ። የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት ክፍት ከሆነ፣ ወይም ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል ከገባ፣ ዋጋ የቀነሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

መብራት ሲጠፋስ? ተራ ቁጥር ያለው የወረቀት ካርድ መኖሩን፣ በኋላም ማን ወደ ሲስተሙ እንደሚያስገባው ያጣሩ። «ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) አለን» ሲሉዎት እፊትዎ አንድ ፋይል ከዚያ ያስመልሱ።

ነጥቡን በኮቢት 2019 (COBIT፣ ዓለም አቀፍ የአይቲ አስተዳደር ማዕቀፍ) የብቃት ደረጃ ከ0 እስከ 5 ይስጡ። የማዕቀፉን 40 ዓላማዎች በሙሉ መፈተሽ ለአንድ ጋራዥ ከንቱ ድካም ነው፤ የተጠቃሚ ፈቃድ፣ የአቅራቢ ውል፣ የአገልግሎት ቀጣይነትና የደንበኛ መረጃ ጥበቃ ይበቃሉ። በቃል ብቻ ለሚነገር አሠራር ከ1 በላይ አይስጡ።