ድንግዝግዝን በ5 ቮልት መለካት

በአዲስ አበባ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ እንዴት እየከሰመ እንደሚሄድ ከቤቴ ጣሪያ ላይ በቁጥር መመዝገብ ፈለግሁ። ቢፒደብሊው34 የተባለውን ፎቶዲዮድ (ብርሃንን ወደ ከረንት የሚቀይር ዕቃ) በነጭ ወረቀት ሸፍኜ፣ ከረንቱ ከ100 ማይክሮአምፔር እስከ 1 ናኖአምፔር እንዲወርድ አደረግሁ። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። በተራ አምፕሊፋየር አሳልፌ በአርዱይኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ሳነበው ያሉት ደረጃዎች 1024 ብቻ ስለሆኑ አንዱ ደረጃ 98 ናኖአምፔር ገደማ ሆነ። ድንግዝግዙ ሳያልቅ የእኔ መዝገብ ዜሮ ሞላው።

መውጫው ሎጋሪዝም ነው። ትራንዚስተር ኮሌክተር፣ ቤዝና ኤሚተር የሚባሉ ሦስት እግሮች አሉት፤ የኮሌክተሩ ከረንት አሥር እጥፍ በጨመረ ቁጥር በቤዝና በኤሚተር መካከል ያለው ቮልቴጅ የሚጨምረው 60 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ትራንዚስተሩን የኦፕ አምፕ (የሁለት መግቢያዎቹን ልዩነት የሚያጎላ ቺፕ) መልስ መስመር ውስጥ፣ ማለትም ከውጤቱ ወደ መግቢያው በሚመለሰው መንገድ ላይ እናስገባዋለን፤ ኮሌክተሩ ወደ ተቀናሽ (−) መግቢያው፣ ኤሚተሩ ወደ ውጤቱ።

እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ምሽት አቃጥያለሁ። ቤዙን እንደ መጻሕፍቱ ሥዕል ከመሬት (ከ0 ቮልት) ጋር አሰርሁት፤ ውጤቱ ዜሮ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ትራንዚስተሩ ሞቷል ብዬ ሦስት ጊዜ ቀየርሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፦ ኤሚተሩ ከቤዙ በታች 0.6 ቮልት መውረድ አለበት፤ ከዜሮ በታች ደግሞ የእኔ 5 ቮልት ምንም የለውም። እንግዲህ ወለሉን ከፍ አድርጉት። በሁለት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች 2.5 ቮልት አውጡና በአንድ ኦፕ አምፕ አጠናክሩት፤ ማጣሪያ ካፓሲተሩ ከኦፕ አምፑ በፊት ይሁን እንጂ በኋላ አይሁን፣ አለበለዚያ ሊርገበገብ ይችላል። ቤዙ፣ የኦፕ አምፑ ተደማሪ (+) መግቢያና የፎቶዲዮዱ ካቶድ ሁሉም እዚህ 2.5 ቮልት ላይ ይቀመጡ፤ አኖዱ ወደ ተቀናሹ መግቢያ ይሂድ። በፎቶዲዮዱ ላይ ቮልቴጅ ስለማያርፍ የጨለማ ከረንቱ (ብርሃን ሳይኖር የሚፈሰው) እዚህ ግባ አይባልም።

አንድ ትራንዚስተር ብቻውን ግን ቴርሞሜትር ነው። በእያንዳንዱ ዲግሪ 2 ሚሊቮልት ገደማ ይንሸራተታል። ስለዚህ ተመሳሳይ ሁለተኛ ክፍል ሥሩ፤ በፎቶዲዮዱ ፈንታ ከ5 ቮልት በ2.5 ሜጋ ኦም የሚመጣ 1 ማይክሮአምፔር ስጡት። አራተኛው ኦፕ አምፕ የሁለቱን ክፍሎች ልዩነት በ10 አባዝቶ 2.5 ቮልት ላይ ይደምር። አራት ኦፕ አምፖችን በአንድ ቺፕ የያዘው ኤምሲፒ6004 ለሁሉም ይበቃል። ውጤቱ በ1 ማይክሮአምፔር 2.5፣ በ100 ማይክሮአምፔር 3.7፣ በ1 ናኖአምፔር 0.7 ቮልት ይሆናል። አሁን የአርዱይኖው አንድ ደረጃ የትም ቦታ 2 በመቶ ያህል ለውጥ ነው።

ሁለቱ ትራንዚስተሮች መንትያ መሆን አለባቸው። መጀመሪያ ሁለት 2ኤን3904 ትራንዚስተሮች ተራርቀው ነበሩ፤ አንዱን በጣቴ ስነካው፣ አምስት ዲግሪ ቢሞቅ ንባቡ ግማሽ ያህል ይዘላል። በኋላ ሲኤ3046 ገዛሁ፤ አምስቱም ትራንዚስተሮች በአንድ ቺፕ ላይ ናቸው። ኤሚተራቸው የተያያዘውን ጥንድ ተዉትና ከተነጠሉት ሦስተኛውንና አራተኛውን ውሰዱ። 13ኛው እግር ወደ መሬት ይሂድ። ይህም ሆኖ 60ው ሚሊቮልት ራሱ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ በ10 ዲግሪ ሌሊት 56 ይሆናል። እኔ ይህን ለማረም ከሙቀት ጋር ከሚለዋወጥ ልዩ ሬዚስተር ይልቅ ሙቀቱን ለክቼ በፕሮግራሙ ማረምን እመርጣለሁ።

ከማገናኘታችሁ በፊት ፎቶዲዮዱን አውልቁና ከ5 ቮልት ወደ መግቢያው 2.5 ሜጋ፣ ከዚያ 250 ኪሎ፣ ከዚያ 25 ኪሎ ኦም አስገቡ። በየእርምጃው 0.6 ቮልት ካልጨመረ ሽቦውን መርምሩ። የመጀመሪያው ንባብ በጥቂት አሥር ሚሊቮልት ከ2.5 ቢርቅ አትደንግጡ፤ የኦፕ አምፑ ስህተት ስለሆነ በፕሮግራሙ ይቀነሳል።

በዝቅተኛው ጫፍ ጠላታችሁ ቆሻሻ ነው። በመግቢያውና በ5 ቮልት መስመር መካከል 1 ጊጋ ኦም የሚሆን የብየዳ ቅባት ቢቀር 2.5 ናኖአምፔር ይሾልካል፤ ከምትለኩት ይበልጣል። ቦርዱን በአልኮል እጠቡ፣ መግቢያውንም ከ2.5 ቮልት በተገናኘ የመዳብ ቀለበት ክበቡት።

እንዳይርገበገብ ከኮሌክተሩ ወደ ኦፕ አምፑ ውጤት 100 ፒኮፋራድ፣ በውጤቱና በኤሚተሩ መካከል ደግሞ 1 ኪሎ ኦም አድርጉ፤ ንባቡን ከኤሚተሩ ውሰዱ። በ1 ናኖአምፔር ላይ ሰርኪዩቱ 2.6 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል። ለድንግዝግዝ ምንም አይደለም፤ ለካሜራ ፍላሽ ግን ሌላ ሰርኪዩት ፈልጉ።