ባክአፑ እስኪነጋ አያልቅም? ከገመዱ ጀምሩ

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ የአንድ ቢሮ ሰርቨር እከታተላለሁ። የዊንዶውስ ሰርቨሩ ኢንክሪመንታል ባክአፕ (ካለፈው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ የሚቀዳው) ማታ ይጀምርና ጠዋት ሠራተኛ ሲገባም አያልቅም ነበር። እናንተም ጋ እንዲህ ከሆነ ሶፍትዌር ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱን እዩ። የኛ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ከፊት ለፊት ካለው ጥቁር ቀዳዳ ላይ ነበር የተሰካው፤ ዩኤስቢ 2 ነው፣ ጣሪያው በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም በታች። ከኋላ ሰማያዊ ምላስ ያለው ዩኤስቢ 3 ባዶውን ተቀምጧል! ነቅዬ እዚያ ሰካሁት፣ ልዩነቱ ወዲያው ታየ።

ካልተሻለ ባክአፑ እየሄደ ሳለ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ሪሶርስ ሞኒተር ክፈቱና የዲስክ ገጹን ተመልከቱ። ዲስኩን የያዘው ማን ነው? ብዙ ጊዜ አንቲቫይረስ በዚያው ሰዓት ፍተሻ ላይ ነው፤ ሰዓታቸውን አራርቁ። ዲፍራግም (ዲስክ ላይ የተበታተነውን ፋይል የሚያሰባስበው) ያው ነው፤ የፋይሉ ይዘት ባይነካም ብሎኮቹን፣ ማለትም ቁርጥራጮቹን፣ ከቦታ ቦታ ስለሚያዛውር ባክአፑ እንደ አዲስ ለውጥ ሊቆጥራቸው ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከሰርቨሩ ጋር በሚመጣው ዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ በተባለው ፕሮግራም ወደ ኔትወርክ ፎልደር የምትልኩ ከሆነ ኢንክሪመንታል የሚባል ነገር የለም፣ ሁሌም ሙሉውን ነው የሚጽፈው፣ የቀድሞውንም ይደመስሰዋል። ለብቻው የተመደበ ዲስክ ስጡት። ከዚያ የፕሮግራሙ የፍጥነት ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ፈጣኑን ባክአፕ ምረጡ፤ ሰርቨሩን ራሱን ትንሽ ሊያዘገየው ስለሚችል አንድ ሁለት ቀን ተከታተሉት።

መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ድንገት ከጠፋ ደግሞ ቀጣዩ ባክአፕ ዲስኩን እንደ አዲስ ሊያነብ ይችላል፤ ቢረዝም አታቋርጡት፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው በባትሪ የሚያቆይ) ግን ግዙ።