ባትሪ ስንቅ እንጂ ሶኬት አይደለም፦ በካራቫን ከኤሌክትሪክ መስመር ርቀው ሲያድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አልጋና ማብሰያ የተገጠመለት የጉዞ መኪናዎ፣ ካራቫኑ፣ ከማንኛውም የኤሌክትሪክ መስመር ርቆ ቆሟል። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ጢጥ ጢጥ ማለት ይጀምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። ጠዋት የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ባትሪው ተበላሽቷል»። አብዛኛውን ጊዜ ግን ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ እንደ ግድግዳ ሶኬት መታየቱ ነው። ከሶኬት ጀርባ ግድብ አለ። ባትሪ ግን ስንቅ ነው፤ ከተቋጠረው በላይ አይበላም።

ስንቁን ሳይቆጥሩ መነሣት

የስህተቶች ሁሉ እናት ይህ ነው። 12 ቮልትና 100 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ፣ 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ አንድ ዋት-ሰዓት ማለት አንድ ዋት የሚወስድ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው ኃይል ነው። ይህ ግን ወረቀት ላይ ነው። የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ በእጅዎ ያለው 600 ያህል ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከሆነ 1000 ገደማ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

አሁን ወጪውን ይመልከቱ። ኮምፕረሰር ያለው አነስተኛ ፍሪጅ ሲሠራ 50 ዋት ያህል ይወስዳል እንበል። ቀኑን ሙሉ አይሠራም፤ እንደ አየሩ ሙቀት ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ጊዜ ይሠራል። ይህ በ24 ሰዓት ከ400 እስከ 600 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በሞቃት ቀን ፍሪጁ ብቻውን የአሲድ ባትሪዎን ድርሻ ጨረሰው ማለት ነው፤ መብራቱ፣ የውኃ ፓምፑና ስልኩ ገና አልተቆጠሩም። በየዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት ማባዛትና መደመር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሰው ግን ይህን ትቶ ሁለተኛ ባትሪ ይገዛል።

ሙቀትን ከባትሪ መጠበቅ

መብራት፣ ማራገቢያና ኮምፒውተር ለባትሪ ቀላል ናቸው። የሚያሞቅ ነገር ሁሉ ግን ሆዳም ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ለማድረስ ፊዚክስ ራሱ 93 ዋት-ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ የማንቆርቆሪያውና የኢንቨርተሩ ብክነት ሲታከልበት ወደ 120 ይጠጋል። ምንም ዓይነት «ኃይል ቆጣቢ» ማንቆርቆሪያ ይህን ሕግ አይሽረውም። አንድ ጊዜ ማፍላት ጉዳት የለውም፤ በቀን አራት ጊዜ ከሆነ ግን የአሲድ ባትሪውን ድርሻ አብዛኛውን ወስዷል። 1500 ዋት ማሞቂያማ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪን ከነሙሉ ጉልበቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

ሌላም ጣጣ አለው። 1500 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል 125 አምፔር ነው፤ ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር 140 ያህል። የአሲድ ባትሪ አቅም የሚለካው ግን ብዙውን ጊዜ በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲወጣ ነው፤ ለ100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይህ 5 አምፔር ብቻ ነው። በ140 ሲጎተት አቅሙ ከተጻፈው በእጅጉ ያንሳል፤ ቮልቱም ወዲያው ይወርድና ኢንቨርተሩ ራሱን ያጠፋል። ባትሪው ውስጥ ገና ኃይል አለ፤ በዚያ ፍጥነት መስጠት ግን አልቻለም። ማይክሮዌቭ ሲገዙም ይጠንቀቁ፦ በሩ ላይ የተጻፈው 800 ዋት ለምግቡ የሚደርሰው ነው፤ ከባትሪው የሚወጣው 1200ን ሊያልፍ ይችላል።

ለማብሰልና ለማሞቅ ጋዝ ይሻላል፤ ጭሱ ወደ ውጭ መውጣቱና አየር በበቂ መግባቱ ከተረጋገጠ። በዚህ ላይ የሚከራከረኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር መልሴ ያችው 93 ዋት-ሰዓት ናት።

ኢንቨርተሩን ቀን ከሌት እንደበራ መተው

ምንም ሳይሰካበት እንኳ ኢንቨርተር ይበላል። 20 ዋት ቢወስድ በ24 ሰዓት 480 ዋት-ሰዓት ነው፤ ማለትም ሌላ ፍሪጅ። የስልክና የኮምፒውተር ቻርጅም ኃይሉን ከ12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ መልሶ ወደ ዝቅተኛ ቮልት ያመላልሰዋል። ውኃ ከዕቃ ወደ ዕቃ በተገላበጠ ቁጥር ጥቂት እንደሚፈሰው ነው። በቀጥታ ከ12 ቮልት የሚሠራ ቻርጀር ይያዙ፤ ኢንቨርተሩን ለሚያስፈልገው ደቂቃ ብቻ ያብሩት።

ፍሪጁን በተሳሳተ ኃይል ማሠራት

በጋዝም፣ በቤት ኤሌክትሪክም፣ በ12 ቮልትም የሚሠራው የካራቫን ፍሪጅ ኮምፕረሰር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ፈሳሹን በማሞቅ ነው። በ12 ቮልት ሲሆን 150 ዋት ያህል ያለ ዕረፍት ሊወስድ ይችላል። ይህ አማራጭ የተሠራው ሞተሩ እየሠራ ለሚነዱበት ሰዓት ነው። ሲቆሙ ወደ ጋዝ ያዙሩት።

በቮልት ብቻ መፍረድ

የአሲድ ባትሪ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ሲያሳይ ሞልቷል፣ 12.1 ገደማ ሲደርስ ግማሽ ላይ ነው። ዕቃ እየሠራ ከለኩት ግን አንሶ፣ ፀሐይ እየሞላው ከለኩት ደግሞ በዝቶ ያሳያል። ሊቲየም ከዚህም ይብሳል፦ አብዛኛውን መንገድ 13.2 አካባቢ ይቆይና መጨረሻ ላይ እንደ ገደል ይወርዳል። መፍትሔው የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ በአሉታዊው ገመድ ላይ መግጠም ነው። አንድ አሉታዊ ገመድ እንኳ መለኪያውን አልፎ በቀጥታ ባትሪው ላይ ከታሰረ ግን ቆጠራው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ፀሐይንና ሞተርን ከልክ በላይ ማመን

200 ዋት የተባለ የፀሐይ ፓኔል ጣሪያ ላይ ተጋድሞ 200 ዋት አይሰጥም። በደህና ቀን 5 ሰዓት ያህል ጠንካራ ፀሐይ አግኝቶ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 700 ዋት-ሰዓት ቢያስገባ ጥሩ ሠርቷል። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ደግሞ ምርቱን ከተሸፈነው ስፋት በላይ ሊቀንሰው ይችላል። እንግዲህ እርስዎ ዛፍ ሥር መቆም ይወዳሉ፣ ፓኔሉ ደግሞ አይወድም፤ ሽቦው ረዘም ያለ ተንቀሳቃሽ ፓኔል ያስታርቃችኋል።

ሞተሩን አስነሥቶ በቆመበት መሙላትም ነዳጅ ማባከን ነው። ሊቲየም ባትሪ ካልተገደበ ብዙ አምፔር ስለሚስብ ዲናሞው በዝቅተኛ ዙር በቂ ማቀዝቀዣ ሳያገኝ ሊቃጠል ይችላል፤ በመካከል ፍሰቱን የሚገድብ ቻርጀር ያስፈልጋል። ሞተሩን የሚያስነሣው የሞተሪኖው ባትሪ ለመብራትና ለዕቃዎች ከሚያገለግለው ከቤቱ ባትሪ ይለይ፤ አለበለዚያ የማታ መብራት የጠዋት ጉዞ ያስቀራል።

ቀጭን ገመድ፣ የጠፋ ፊውዝ

2000 ዋት ኢንቨርተር ከ12 ቮልት ባትሪ 190 አምፔር ገደማ ሊጎትት ይችላል። የቤት ማራዘሚያ ሽቦ እዚህ ቦታ የለውም፤ ይቀልጣል። ገመዱ ወፍራምና አጭር ይሁን፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይቀመጥ። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ስለሆነ ከሌላው ጫፍ ቢገጠም ጥቅሙ ግማሽ ነው።

የቀዘቀዘ ሊቲየም መሙላት

ሊቲየም ከ0 ዲግሪ በታች ኃይል መስጠት ይችላል፤ መቀበል ግን አይችልም። በዚያ ቅዝቃዜ ከተሞላ በውስጡ ብረታማ ሊቲየም ይለበጣል፤ ጉዳቱ ከውጭ አይታይም፣ አይመለስምም። ብዙ ባትሪዎች ይህን የሚከለክል መቆጣጠሪያ ስላላቸው ከመግዛትዎ በፊት መኖሩን ይጠይቁ። ከሌለው የውርጭ ጠዋት አደገኛ ነው፦ እርስዎ ገና ሳይነሡ ፀሐይ ፓኔሉ ላይ ወጥታ መሙላት ትጀምራለች። ማታ የፓኔሉን ማብሪያ ማጥፊያ ዝጉና ይተኙ፤ ጠዋት የሚያዩትም የውጭውን አየር ሳይሆን የባትሪውን የራሱን ሙቀት ነው፤ አየሩ ከሞቀ በኋላም ባትሪው ለሰዓታት ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላልና።